ጀነሬተር ጎትተን ወደ ስማዳ

በውኃ ፕሮጀክቱ ሥራ የጀመርኩ ቀን የስምሪት ኃላፊው አቶ ታደለ ንፋስ መውጫ ካለው ግቢያችን መሀል አቁመውኝ የአንዲት ነጭ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ቁልፍ ሰጡኝ። ዘይቱን፣ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን አስረክበው ሲያበቁ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ቀሰሩ።

"ከሬዲዮው ሥር ያለችውን ጥቁር ማዞሪያ አየሃት?"

"አየኋት።"

"እንዳትነካት።"

እኔ አርፎ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ሞተር ሲሠራ ከሰማሁ ሰው እያዋራኝ እንኳ ጆሮዬ እዚያው ነው። ከወረታ ወልድያ የጭነት መኪና በምነዳበት ዘመን ባልደረቦቼ "አስማማው ዳገቱን የሚወጣው በትከሻው ነው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ዳገት ስጀምር ሳላውቀው ወደ ፊት እገፋለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው "አትንካ" ከተባለ አለቀለት። ወደ ጋሳይ የሚወስደውን አስፋልት እንደያዝኩ ዳር ቆምኩና ማዞሪያዋን ከዜሮ ወደ ሦስት አመጣኋት። ነዳጅ ስረግጥ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ፒካፗ ዳገቱን ሜዳ አደረገችው። ከመመለሴ በፊት ወደ ዜሮ መልሼ ግቢ ገባሁ። አቶ ታደለ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞሩና የማርሚታውን ጫፍ በጣታቸው ጠርገው ጥላሸቱን አሳዩኝ።

"ነካሃት።"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ሁሉም ይነካታል" አሉና ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ማዞሪያዋ ሞተሩ አጠገብ ከተገጠመች የሲጋራ ፓኬት ከምታክል ሳጥን ጋር በሽቦ ትገናኛለች። ሳጥኗ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚደርሰውን መልእክት ትለውጣለች፤ ኮምፒውተሩ የነዳጁ ግፊት አንሷል ብሎ ስለሚያምን ይጨምራል፤ ነዳጅ ሲጨመር ጉልበት ይጨመራል። ዜሮ ማለት መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት ማለት ነው። አራት ማለት ሳጥኗ ያላትን ሁሉ ሰጠች ማለት ነው። እኛ ሹፌሮቹ "ጉልቤ" ብለን ሰይመናታል።

የገጠማት ከእርዳታ ሰጪዎቹ ጋር የመጣ የውጭ ቴክኒሻን ነው። ሲሄድ በአስተርጓሚ የተናገረው "ለሸክም ዝቅ፣ ለባዶ ከፍ" የሚል ነበር ይባላል። ሹፌሩ ሁሉ ግን አስተርጓሚው ገልብጦታል ብሎ ነበር የሚያስበው። ሸክም ሲከብድ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበቱ ያለው አራት ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚጎትት ሰው አራት ላይ ያድርግ። እኔም እንደዚያው አምን ነበር።

ይህን ሐሳብ ያስጣለን የአያሌው ቱርቦ ነው። አያሌው የእኔን የመሰለች ፒካፕ የሚነዳ እኩያዬ ነው። እስቴ ውስጥ ለሚቆፈር ጉድጓድ የሲሚንቶ ቀለበት በተሳቢ እየጎተተ ከወንዝ ሲወጣ አራት ላይ አድርጎ ዳገቱን ሳያርፍ ረገጠው። አናቱ ላይ ሊደርስ ሲል ከኮፈኑ ሥር ፉጨት ሰማ፤ ከዚያ ከኋላ ነጭ ጭስ ተነሣ። ስንደርስለት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል።

"የውኃው ሙቀት እኮ ደህና ነበር" አለኝ። "መርፌዋ ከመሀል አልተነቃነቀችም።"

እውነቱን ነበር። ለሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ ግን ተቃጥሏል። መኪናው መለዋወጫ እስኪመጣለት ግቢ ውስጥ ቆሞ ክረምቱን ከረመ፤ ጎማው ሥር ሣር በቀለበት። አያሌው በየጠዋቱ እየመጣ ኮፈኑን ከፍቶ ያይና ይዘጋው ነበር።

ሰናይት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የመስክ ሥራው ኃላፊ ሆና የተመደበች ኢንጂነር ናት። በዕድሜ ታንሰኛለች፣ በሥልጣን አለቃዬ ናት። መጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ስላት "ጋሽ አስማማው፣ አንቺ ካላልከኝ ካንተ ጋር አልሄድም" አለችኝ። እሷም እንደኔ አርፋ አትቀመጥም። መኪና ውስጥ ጉልበቷን ታወዛውዛለች፤ ብዕር ከያዘች እስክንደርስ ቀጭ ቀጭ ታደርገዋለች።

የአያሌውን መኪና አስከፍታ ካየች በኋላ ከአዲስ አበባ የጭስ ሙቀት መለኪያ አስመጣችና ዳሽቦርዱ ላይ አስገጠመችልኝ።

"የውኃው መለኪያ የሚነግርህ ሞተሩ ዘግይቶ የሚሰማውን ነው" አለች። "እሳቱ ያለው ጭሱ ከሞተሩ ወጥቶ ቱርቦው ጋ በሚደርስበት ቦታ ነው። አያሌው እሱን የሚያይበት ነገር አልነበረውም።"

ቀጥሎ የሠራነውን ያየ ሰው እብዶች ብሎን እንደሆነ አላውቅም። የፕሮጀክቱን ጀነሬተር ተሳቢ ላይ እንደተጫነ ጎትተን ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ያለውን አንድ ዳገት ደጋግመን ወጣን። በዜሮ፣ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት። በየመሀሉ ሞተሩን ሳናጠፋ፣ ነዳጅም ሳንረግጥ፣ በሚኒሞ እያቆየን እናበርደዋለን። አራትን ሰናይት አልፈቀደችም። ከብት የሚነዱ ሰዎች ቆመው "ምን ጠፍቷችሁ ነው?" ይሉናል።

በዜሮ መኪናዋ ወጣች፤ ግን ከአንደኛ ማርሽ መላቀቅ አቃታት። በአንድ ሁለተኛ ማርሽ ያዘች፤ የጭሱ መርፌ ከቀዩ መስመር በታች ቆየች። በሁለት አጋማሹን ፈጥነን ወጣንና መርፌዋ ቀዩን ስትነካ እግሬን አነሳሁ። በሦስት ገና መጠምዘዣው ጋ ሳንደርስ ቀዩ ውስጥ ገባች፤ ኋላችንን ሳይ መንገዱ በጥቁር ጭስ ተሸፍኗል።

"አየሩ ነው" አለች ሰናይት። "እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሳጥኗ ነዳጁን ትጨምራለች፤ አየሩን ከየት ታመጣዋለች?"

ባዶ መኪና ሌላ ነው። ዳገቱን ቶሎ ስለምትጨርሰው ሙቀቱ ሳይከማች ያልቃል። ስለዚህ ደንብ አወጣን። ባዶ ስንሄድ ሁለት፤ አስፋልት ከሆነ ሦስት ይቻላል። ተሳቢ ካለ አንድ። ቁልቁለት ላይ ዜሮ፤ ቁልቁለት ላይ የሚይዘን ማርሽ ነውና። ማዞሪያዋ የምትነካው መኪናዋ ቆማ ነው። አራትን ማንም አይነካም።

ደንቡ ለእኔ ቅጣት ነበር። ከነሙሉ ጉልበቷ ያለች መኪና ይዞ እንደ ጋሪ መሄድ ያሳብዳል። እጄ ወደ ማዞሪያዋ ይሄድና ይመለሳል። ሰናይት ከጎኔ ሆና እያየች ብዕሯን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ አርብ ገበያ ካለው የዕቃ ግቢያችን ሳለን የሰናይት ስልክ ጮኸ። ቆማ ሰማች። ስትጨርስ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ደሳለኝ ላይ ጉድጓዱ ተንዷል።"

ደሳለኝ ከወገዳ ወዲህ ባለ አንድ የስማዳ ቀበሌ የእጅ ጉድጓድ የሚቆፍርልን የታች ጋይንት ሰው ነው። ከመሬት ሥር ሆኖ ከላይ ባልዲ በሚስቡት ላይ የሚቀልድ፣ ሳቁ ከጉድጓድ የሚወጣ ሰው። ቀለበት ያልገባለት የጎን ግድግዳ ተንዶ ትልቅ ድንጋይ እግሩን ተጭኖታል። ሕይወቱ አለ፤ ይናገራል። ግን በናዳው በኩል ውኃ ፈንድቷል። ሰው በባልዲ ይቀዳል፤ ውኃው እየበለጠ ይመጣል።

ወገዳ ላይ የቤንዚን ፓምፕ አለ። ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሳት ግን አይቻልም፤ ጭሱ ከውኃው ቀድሞ ይገድለዋል። የሚያስፈልገው ውኃ ውስጥ የሚሰምጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ፓምፑም ጀነሬተሩም ያሉት እኛ ጋ ነው።

ፒካፗን ወደ ተሳቢው አስጠጋሁ። የመጎተቻውን ጋንቾ አግብቼ ፒኑን ቆለፍኩ። ሰንሰለቱን አያያዝኩ፤ የመብራቱን ገመድ ሰካሁ፤ የጀነሬተሩን ማሰሪያ እንደገና ሳብኩት። ፓምፑን ከነቱቦው ከኋላ ጫንን። እጄ ይቸኩላል፤ ራሴን እየተቆጣሁ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አልጀምርም።

በዚህ መሀል ቄስ ምስጋናው ደረሱ። የደሳለኝ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ለገበያ መጥተው ወሬው እዚያው ደርሷቸዋል። ጥምጣማቸው ተፈትቶ በእጃቸው ይዘውታል።

"አለ? አለ ወይ ወንድሜ?"

"አለ አባ። ያወራል።"

"ውሰዱኝ።"

ሰናይት የፊቱን ወንበር ለቀቀችላቸውና ከኋላ ገባች።

የገበያው ቀን ነውና መንገዱ በአህያና በሰው ተሞልቷል። ክላክስ ሳሰማ አህዮቹ ይብሱን ይቆማሉ። ሰናይት ወርዳ ከፊታችን እየሮጠች ሰዉን ገለል ታደርጋለች። ቄስ ምስጋናው መስቀላቸውን በመስኮት አውጥተው "እባካችሁ! ሰው ሊሞትብን ነው!" ይላሉ። ሰዉ ቄሱን ሲያይ ከነእህሉ ወደ ዳር ይሸሻል። እንደዚያ ሆነን ከከተማው ወጣን።

ኮረኮንቹን ስንይዝ ቄሱ ወደ ፍጥነት መለኪያው ዘንበል አሉ።

"ይህ ነው ሩጫዋ?"

"ተሳቢ አለብን አባ።"

"ባለፈው እኮ ደብሩ ድረስ ስታደርሰኝ ያችን ነገር አዙረህ እንደ ጥይት ነው የሄድከው።"

"ያኔ ባዶ ነበርን።"

"ታዲያ የሚያስፈልገው አሁን አይደል?"

"አይሆንም አባ" አልኩ። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ቆሜ ዜሮ ላይ አደረግኋት፤ በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ጀነሬተሩ ከኋላ ይገፋናል፤ በየመጠምዘዣው ተሳቢው ሲንገዋለል በመሪው ይሰማኛል። የሰናይት ስልክ እንደገና ጮኸ።

"ደረቱ ጋ ደርሷል" አለች። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

ድልድዩን ተሻግሬ ቆምኩና ማዞሪያዋን አንድ ላይ አድርጌ ዳገቱን ጀመርኩ። ያን ዳገት ብዙ ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። በእግር የሚሄዱ ሰዎች በአቋራጭ እየወጡ በየመጠምዘዣው ከፊታችን ብቅ ይላሉ። የጭሱ መርፌ ከቀዩ በታች ትንቀጠቀጣለች። ሰናይት ከኋላ ስልኳን ወደ መስኮቱ ዘርግታ "አይሠራም፣ አይሠራም" ትላለች። ቄሱ ውዳሴ ማርያም ጀምረው ያቋርጣሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ። የእኔ ቀኝ እጅ ከማርሹ ዘንግ ወደ ማዞሪያዋ ሊሄድ ስንት ጊዜ እንደቃጣው እኔ ነኝ የማውቀው።

ድንገት የቄሱ እጅ ከጋቢያቸው ሥር ወጣና ማዞሪያዋን እስከ መጨረሻዋ ጠመዘዛት።

ሞተሩ አገሣ። ፒካፗ አንዴ ወደ ፊት ዘለለች፤ ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ግን መፍጠን ተወች። የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን መንሸራተት ጀመረ፤ የተቃጠለ ሽታው ጋቢናውን ሞላው። የጭሱ መርፌ ቀዩ ውስጥ ገብታለች። ማዞሪያዋን መልሼ፣ እግሬን ከነዳጁ አንስቼ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ሰናይት መኪናዋ ቀጥ ሳትል ወርዳ ከመኪናዋና ከተሳቢው ጎማዎች ሥር ድንጋይ ትሸጉጥ ጀመር።

"ለምን ቆምን?" አሉ ቄሱ። "ለምን አቆምክ?"

"ፍሪሲዮኑ ጋለ አባ። ካልበረደ ይቃጠላል። ከተቃጠለ እዚሁ ነን።"

ሞተሩን አላጠፋሁትም። የጋለ ቱርቦ ድንገት ከጠፋ ዘይቱ እላዩ ላይ ያርራል። በሚኒሞ እየዞረ መርፌዋ ቀስ እያለች ስትወርድ ወርጄ ቆምኩ። ከዚህ በላይ የከበደኝ ቆይታ አላውቅም። ቄሱ መንገዱ ዳር አፈሩ ላይ ተቀምጠው ጥምጣማቸውን ፊታቸው ላይ አድርገዋል።

"ገደልኩት" አሉ። "ወንድሜን በገዛ እጄ ገደልኩት።"

ሰናይት ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። "አልገደሉትም አባ። እንሄዳለን። ይግቡ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ይነሣል?" አለችኝ በቀስታ።

"በከባዱ ማርሽ ልሞክረው።"

ከባዱ ማርሽ አራቱም ጎማ የሚያዝበት፣ መኪናዋን እንደ ኤሊ የሚያስኬዳት ግን ፍሪሲዮኑን የማያስጨንቀው ነው። ማዞሪያዋን ዜሮ ላይ አድርጌ አንደኛ አስገባሁ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ተሳቢው ተንገጫገጨ፤ ድንጋዮቹን ለቀቅናቸው። የቀረውን ዳገት በዚያው ወጣነው።

አናቱ ላይ ስልኩ ሠራ። ሰናይት "አለ? አለ?" ስትል ጮኸች። ውኃው አገጩ ጋ ደርሷል፤ ባልዲው አልቆመም፤ የቀበሌው ሰው ሁሉ ተሰልፎ ይቀዳል።

ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ሰዉ ተሳቢውን በእጁ ገፍቶ አዞረልን። ጀነሬተሩን አስነሣሁ። ፓምፑ በገመድ ወረደ። ቱቦው እንደ እባብ ተነፋና ጭቃ ውኃ ማሳው ላይ መትፋት ጀመረ። ሰናይት በጉድጓዱ አፍ ላይ በደረቷ ተኝታ ወደ ታች ታያለች።

"እየወረደ ነው!" አለች። "ጋሽ አስማማው፣ ክሪክህን አምጣ!"

ክሪኩን ለሌላው ቆፋሪ ሰጠነው፤ በገመድ ወርዶ ድንጋዩ ሥር አስገባው። ደሳለኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች እግር አይመስልም። ዙሪያውን አየና ወንድሙን፣ ሰዉን፣ በማሳው ላይ የሚፈሰውን ውኃ አየ።

"ውኃው ተገኘ አይደል?" አለ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ግን ያን ጊዜ ነው እልል ያሉት።

ተሳቢውን እዚያው ፈታን። ደሳለኝን ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኛነው፤ ቄሱ ራሱን ታቅፈው ተቀመጡ። አሁን ባዶ ነን፤ ሁለት ላይ አደረግኋትና ረገጥኩት። ገና ከቀበሌው ሳንወጣ ቄሱ ከኋላ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደቡ።

"ቀስ! አስማማው፣ ቀስ በል! ወንድሜ እየጮኸ ነው!"

ዜሮ ላይ መለስኳት፤ እግሬ ቢሳሳት እንኳ መኪናዋ እንዳትዘል። ወገዳ ጤና ጣቢያ ድረስ እንደ ዕንቁላል ይዤው ሄድኩ። እዚያ ሕመሙን አስታግሠው ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ላኩን። እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ደሳለኝ ግን ዳነ። አሁን ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ ሲቀልድ ከመንገድ ይሰማል።

ከዓመት በኋላ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ አጠገብ ከቄስ ምስጋናው ጋር ተገናኘን። መስቀል ተሳለምኩ፤ ስለ ደሳለኝ አወራን። ልሄድ ስል እጄን ያዙኝ።

"ያችን ነገር ባላዞራት ኖሮ ቀድመን አንደርስም ነበር? እግሩስ ይተርፍ አልነበረም?"

"ሐኪሙ አጥንቱ የደቀቀው ድንጋዩ ሲወድቅበት ነው ብለዋል አባ።"

"እሱን ሰምቻለሁ። አንተን ነው የምጠይቅህ።"

"አላውቅም" አልኩ። "የኔ ወንድም ቢሆን ግን እኔም አዞራት ነበር።"

ቄሱ እጄን አልለቀቁም።

"አንተ ግን አይሆንም ብቻ አልከኝ" አሉ። "ለምን እንደማይሆን አልነገርከኝም። ብትነግረኝ እጄን እይዘው ነበር።"

መኪናቸው ደርሶ ሄዱ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣት ሹፌሮች ስለ ጉልቤ ይጠይቁኛል። ባዶ ከሆናችሁ ሁለት ይበቃችኋል። ከጎተታችሁ አንድ፤ ደጋ ላይ ከዚያ አትለፉ። ቁልቁለት ላይ ዜሮ አድርጉና በማርሽ ውረዱ። ዓይናችሁ ከጭሱ ሙቀት አይራቅ። ከጎናችሁ የቸኮለ ሰው ካለ ደግሞ ለምን ቀስ ብላችሁ እንደምትሄዱ መኪናውን ከማስነሣታችሁ በፊት ንገሩት።